በስሜ የተከሰሱ ሰዎች

ረቡዕ፣ ጁላይ 6፣ 2011

ፕሬስተን ቪክሪ የሚባል ጠበቃ ከዳላስ ድረስ መጣ። በዚህ ሙቀት ከረባት አስሮ በረንዳችን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ዶይል ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳለትና ወደ ጓሮ ጠፋ። ባሌ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ነው፤ ከረባት ያሰረ ሰው ሲመጣ ሥራ ይበዛበታል።

ጠበቃው ከቦርሳው ያወጣውን ወረቀት ሳየው ልቤ ዘለለ። የኔው ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቴ ነው፤ በማርች 1997 ያመለከትንበት። ከላይ "ፈልሳፊ፦ ኔልዳ ሃርግሮቭ፣ ማርሻል፣ ቴክሳስ" ይላል። ሬድላንድ ሶፍትዌር ከፈረሰ አሥር ዓመት አልፎታል። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድርጅቱ ሲሸጥ ፓተንቱም አብሮ ተሸጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ አሁን ታሎ ክሪክ የሚባል ኩባንያ እጅ ገብቷል። ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። የገዙት ወረቀቱን ነው።

"ወይዘሮ ሃርግሮቭ፣ 'መኪናው ሊደርስ ነው፣ ተዘጋጁ' የሚል ስልክ የሚደወልለት ሰው ሁሉ የእርስዎን ሐሳብ ነው የሚጠቀመው። አንድ ሰው አመስግኖዎት ያውቃል?"

"ማንም።"

"እኛ ስምዎን እናስከብራለን።"

አማካሪያቸውና ምስክራቸው ለመሆን ፈረምኩ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለሠራሁት ሥራ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደስ ብሎኛል። ደስ ቢለኝ ምን አለበት?

"ምን ሊሸጥልሽ ነው የመጣው?" አለኝ ዶይል እጁን እየታጠበ።

"ምንም። የኔን ሊሸጥልኝ ነው።"

"አንቺ ዘንድ የሌለ የአንቺ ነገር ደግሞ ምንድን ነው?"

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ገባሁ።


ማክሰኞ፣ ጁላይ 12

ፖስታ ቤት ስሄድ መንገዴን አጠፍ አድርጌ የታሎ ክሪክን ቢሮ ለማየት ወጣሁ። አደባባዩ ዳር ያለው አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በመስኮት ይታያል። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ በሮች ቆጠርኩ፤ በየበሩ የኩባንያ ስም ተለጥፏል። አንኳኳሁ። ዝም። ጫፍ ላይ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች።

"ማንን ፈልገሽ ነው የኔ እመቤት?"

"የታሎ ክሪክን ሰዎች።"

"ሰዎች?" ከት ብላ ሳቀች። "እኔ እዚህ አራት ዓመቴ ነው። መብራታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም። ፖስተኛው ደብዳቤውን በበሩ ሥር ይሰዳል፣ በወር አንዴ አንዲት ሴትዮ መጥታ ታፍሳለች። እኔ እንደሰማሁት እዚህ ማርሻል ቢሮ ካላቸው እዚሁ ፍርድ ቤት መክሰስ ይመቻቸዋል። አንቺም ልትከሻቸው ነው?"

"አይ። እኔ... አብሬያቸው እሠራለሁ።"

ሴትየዋ ፊቷን ቀየረችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በመስታወቱ አጮለቅሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ገመዱ ያልተሰካ ስልክ።

ቢሮ ባዶ መሆኑ ወንጀል አይደለም። እኛም ሬድላንድን የጀመርነው ጋራዥ ውስጥ ነው። (እኛ ግን ጋራዡ ውስጥ እንሠራ ነበር።)


ሐሙስ፣ ጁላይ 14

ዛሬ ሚስ ዊዳ ጋ አልሄድኩም። መቶ አራት ዲግሪ ፋራናይት ገብቷል። ሣሩ ሁሉ ነዷል፣ ከሜይ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ሚስ ዊዳ ሜፕልስ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ካዶ ሐይቅ ዳር በነበረው ክሊኒክ ዋና ነርስ ነበሩ። ክሊኒኩ ተዘግቷል፤ እሳቸው እዚያው ጥድ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሐሙስ ሐሙስ አስቤዛቸውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ዶሚኖ እንጫወታለን፣ ያሸንፉኛል። ዛሬ ዶይልን ላክሁት።

"ኔልዳ ታመመች ወይ ብለው ጠየቁኝ" አለ ሲመለስ። "ምን ልበላቸው?"

"ሙቀት በላቸው።"

"እኔ ከዚያው ሙቀት ውስጥ ነው የመጣሁት።"


ረቡዕ፣ ጁላይ 20

ቪክሪ የክሱን ወረቀት ላከልኝ። አርባ አንድ ተከሳሾች። ስማቸው የገነነ ድርጅቶች ይሆናሉ ብዬ ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያሰማሩ ናቸው። ለአረጋውያን ምሳ የሚያደርሱ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችን የሚያመላልስ ታክሲ። አርባዎቹ ከፍለው ተስማምተዋል። የቀረችው አንዲት ናት፦ ማሪት ኦስትዳል፣ ሰሜን ዳኮታ፣ አራት ሠራተኛ። የኩላሊት እጥበት ለሚያደርጉ ሕመምተኞች መኪናቸው ሲቃረብ የሚደውል ፕሮግራም ትሠራለች።

ቪክሪን በስልክ ለምን ትንንሾቹ እንደተመረጡ ጠየቅሁት።

"ትልልቆቹ መንጋ ጠበቃ አላቸው። ትንንሾቹ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ቁጭ ብለው ያሰሉታል። መከራከር ከመክፈል ይበልጥ ያስወጣል።"

"ጥፋት ባይኖርባቸውም?"

"ወይዘሮ ሃርግሮቭ፣ ፓተንት እኮ የትንሽ ሰው ጋሻ ነው። እርስዎ ትንሽ ሰው አይደሉም እንዴ?"

ነኝ። ግን ጋሻው እኔ ዘንድ አይደለም። ይህን ያሰብኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሁልጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ፓተንቱን እንደገና አነበብኩት። ያን ጊዜ የጻፍኩት ፕሮግራም አንድ ሺህ አንድ መቶ መስመር ነበር። ከመስመሮቹ አንዷም ወረቀቱ ላይ የለችም። ወረቀቱ የሚለው "ተሽከርካሪ ሲቃረብ ለሚጠባበቀው ሰው በስልክ የማስታወቅ ዘዴ" ነው። ማሪት ኦስትዳል የኔን ፕሮግራም አይታ አታውቅም፤ የራሷን ነው የጻፈችው። ቢሆንም በዚህ ወረቀት ዓይን ሌባ ናት። ከመግባት በፊት በር ማንኳኳትን የኔ ነው እንደማለት ይመስላል።

ሕግ ነው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።


እሑድ፣ ጁላይ 31

ከአምልኮ በኋላ የድንች ሰላጣዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ስገባ የላቨርን ድምፅ ተሰማኝ። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት መዘምራን ውስጥ የዘመረች ሴት ናት።

"...የወንድሜ ልጅ ሽሬቭፖርት ከተማ ለሽማግሌዎች ምሳ ነው የሚያደርሰው። ደብዳቤ መጣበት። የፓተንት ጭራቅ ነው የሚሏቸው አሉ። ምን ይባላል፣ ምሳ የሚያመጣን ሰው መክሰስ? ደግሞ ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለ ታውቂያለሽ?"

ከዚያ አዩኝ። ሳህኑን አስቀመጥኩ።

"እህት ኔልዳ፣ ይሄ ሰላጣ ሰናፍጭ አለው?" አለች ላቨርን ፈገግ ብላ።

"አለው።"

ማንም አልነካውም። እንዳለ መለስኩት። ዶይል ቁሞ በላው፣ "ምን ሆኖ ነው ያልተበላው?" እያለ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 4

ሚስ ዊዳ ጋ አልሄድኩም። የጥርስ ሐኪም።


ሐሙስ፣ ኦገስት 11

አልሄድኩም። የመኪናው ዘይት መቀየር ነበረበት።

ዶይል፦ "ዘይቱን ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት።"


ረቡዕ፣ ኦገስት 17

ከቪክሪ ጋር ስንዘጋጅ ዋልን። ከችሎቱ በፊት የተከሳሿ ጠበቃ በመሐላ ይጠይቀኛል፣ ቃሌ በጽሕፈት ይያዛል። ቪክሪ ጥያቄዎቹን እያስመሰለ ይጠይቀኝ ነበር።

"ፕሮግራሙን ሰው መጠቀም የጀመረው መቼ ነው?"

"እ... ክሊኒኩ..."

እጁን አነሳ። "አንዴ ይቆዩ። ከመመለስዎ በፊት ሕጉን ልንገርዎት። ማመልከቻው ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሥራ ላይ የዋለ ነገር ፓተንት አይገባውም። ስለዚህ መስመሩ ማርች 1996 ነው። ሙከራ ግን አይቆጠርም። ፈልሳፊ ይሞክራል፣ ያበላሻል፣ ያስተካክላል። ይሄ ሥራ ላይ ዋለ አይባልም። እንግዲህ፣ ከማርች 1996 በፊት የነበረው ምን ነበር?"

አየሁት። እሱም አየኝ።

"ሙከራ" አልኩ።

"ጥሩ።"

ሙከራ ነበር። ፕሮግራም ሁልጊዜ ሙከራ ነው፤ ያልተጠናቀቀ ነገር ነው። ማንኛውም የሙያው ሰው ይህን ያውቃል። በ1997 የሬድላንድ ጠበቆች 'ፈልሳፊዋ እኔ ብቻ ነኝ' የሚለውን የመሐላ ወረቀት ሲያመጡልኝም "እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ" ነው ያሉኝ። የፈረምኩት ምሳዬን እየበላሁ ነው። አላነበብኩትም ማለቴ አይደለም። አንብቤዋለሁ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 25

አልሄድኩም። ምክንያት መጻፍ ሰለቸኝ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 1

አለቀ። ቃሌን ሰጠሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሆቴል ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው እግሬን አድርቆት።

ማሪት ኦስትዳል ራሷ መጥታለች። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯ አጭር፣ ፀሐይ ያልለመደው ፊቷ ቀልቷል። ከጠበቃዋ አጠገብ ተቀመጠች።

ጠበቃዋ ጠየቀ፦ "ከማርች 1996 በፊት ይህን ዘዴ ለዕለት ሥራው የተጠቀመበት ሰው ነበር?"

"በሙከራ ብቻ።"

"የት?"

"አንድ የገጠር ክሊኒክ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"በትክክል አላስታውስም።"

"የተመዘገበ ነገር አለ?"

"እኔ እስከማውቀው የለም።"

"ሐሳቡ የማን ነው?"

"የኔ።"

ቃሌን የምትመዘግበው ጸሐፊ ጣቶች ለአፍታ እንኳ አልቆሙም። እንዲህ ቀላል ነው።

ዕረፍት ላይ ኮሪደር ውስጥ ውሃ ስጠጣ ማሪት አጠገቤ ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነበር።

"ወይዘሮ ሃርግሮቭ፣ ስለ ክሱ ማውራት አይፈቀድልኝም" አለች። "ግን አንድ ነገር ልበልዎት። እኔ ፕሮግራም ከመማሬ በፊት መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ፓተንትዎን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛው ሥዕል ላይ ያለችው መስመር፣ ሕመምተኛው ስልኩን ካላነሳ ለጎረቤቱ የሚደወለው... የኛ እንደዚያ ያለ ነገር የለውም። እኛ አላሰብነውም። ያንን ያሰበ ሰው ሕመምተኛ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነው።"

"አመሰግናለሁ" አልኩ።

አመሰግናለሁ አልኩ! ምስጋናውን ተቀበልኩ። ያቺ መስመር የሚስ ዊዳ ናት። ኦክቶበር 1994 ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ግድግዳቸው ላይ ካርዶች ደርድረዋል፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ። ሾፌሩ በሬዲዮ "ድልድዩን አለፍኩ" ሲል ቀጣዩን ካርድ አንስተው ይደውላሉ፦ "አቶ ክላይድ፣ ጫማዎን ያጥልቁ፣ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።" ካላነሳ ካርዱን ይገለብጡታል፤ ጀርባው ላይ የጎረቤቱ ስልክ አለ። እኔ የሠራሁት ያንን ኮምፒውተር እንዲያደርገው ነው። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት። ጥሩ ሥራ ነበር። ይህ ውሸት አይደለም።

"እንዴት ዋልሽ?" አለኝ ዶይል።

"ጥሩ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ጫማሽን ሳታወልቂ የተኛሽው?"


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 6

እሳት። ከሐይቁ ሰሜን ጥዱ እየነደደ ነው፤ ነፋሱ አልቆመም። ሰማዩ እዚህም ቡናማ ነው። ሸሪፉ ሰዎችን እያስወጣ ነው ሲሉን ዶይልና እኔ ሚስ ዊዳን ልናመጣ በረርን። በር ላይ ቁመው ነበር፣ ባርኔጣቸውን አድርገው። የሌሊት ልብስ፣ የመድኃኒት ከረጢት፣ አንድ የጫማ ካርቶን።

"ኔልዳ! ሞተሽ ቀበሩሽ ወይ ብዬ ነበር እኮ።"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው ሚስ ዊዳ።"

"ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ሲበዛበት ደስ ይላል" አሉና መኪና ውስጥ ገቡ።

እንግዳ ክፍላችን ውስጥ ናቸው። ስንት ቀን እንደሚቆዩ አይታወቅም።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 7

የቃሌ ጽሑፍ ደረሰኝ። መቶ ዘጠና ገጽ። ሠላሳ ቀን አለኝ፤ የተሳሳተ ካለ አርሜ፣ ምክንያቱን ጽፌ፣ ፈርሜ እመልሳለሁ። እስከ ኦክቶበር 7። ቪክሪ በስልክ፦ "የስም አጻጻፍ ስህተት ካለ ብቻ ይዩት። ሌላ ነገር አይንኩ።"

ሳሎኑ ጢስ ጢስ ይላል።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 9

ልጻፈው።

ጠዋት ገበያ ሄጄ ስመለስ ሚስ ዊዳ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቶቼን ሳልሰበስብ ነው የወጣሁት። ፓተንቱ ፊታቸው ተዘርግቷል፣ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘዋል። ፊታቸው እንደ ሕፃን በርቷል።

"ነይ ነይ ኔልዳ! ካርዶቼን እኮ ሥለዋቸዋል! እዪው፣ ይሄ ቀስት ጀርባው ላይ ያለው ጎረቤት ነው፣ አይደለም? ለአቶ ክላይድ ብዬ ነበር እንዲያ ያደረግኩት፣ ጆሮው ስለማይሰማ። መንግሥት አትሞታል ማለት ነው?"

"አዎ ሚስ ዊዳ።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው! ሳትነግሪኝ?" አጉሊ መነጽሩን ወደ ላይኛው መስመር ወሰዱት፣ ወደ ታች አወረዱት፣ ገለበጡ፣ እንደገና መለሱት። ብዙ ቆዩ። "ስሜን ግን አጣሁት። የት ጋ ነው? ዓይኔ እኮ ጠፍቷል፣ አንቺ አሳዪኝ።"

የገዛሁትን አስቤዛ እንደያዝኩ ቁሜ ነበር። ወተቱ እጄን ያቀዘቅዘኛል።

"የለም" አልኩ።

"አይ፣ ይኖራል፣ ደህና አድርገሽ እዪው..."

"የለም ሚስ ዊዳ። የኔ ብቻ ነው ያለው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው፣ ጠርዙን በጥፍራቸው አስተካክለው፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እንግዲህ ኮምፒውተሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አሉ። "ወተቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ጨምሪው፣ ይበላሻል።"

ቀኑን ሙሉ እንደ ሌላው ቀን አወሩኝ። ቢቆጡ ምን ነበረበት። ጢሱ ነው መሰል ዓይኔ ሲያለቅስ ዋለ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 15

ዛሬ የጫማ ካርቶኑን ከፈቱልኝ። ፎቶ ይሆናል ብዬ ነበር። ካርዶቹ ናቸው።

"ቤት ቢቃጠል ቤት ነው" አሉ። "እነዚህ ግን ሕዝቤ ናቸው። ሞተው አልቀዋል፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩት።" እያንዳንዱን እያነሱ ስሙን ያነባሉ። በየካርዱ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አለ። "ኮምፒውተሩ መደወል ጀመረ፣ ኖቬምበር 9፣ 1994።" "ኮምፒውተሩ መደወል ጀመረ፣ ኖቬምበር 14፣ 1994።" ሃምሳ ሁለት ካርድ።

ከዚያ ቀን በኋላ በእጃቸው ደውለው አያውቁም። ሬድላንድም በየወሩ ከካውንቲው አስተዳደር ይከፈለው ነበር። ለሙከራ ማንም አይከፍልም። ይሄው፣ ጻፍኩት።

"ለምን ጻፉት ቀኑን?" አልኳቸው።

"አንቺ ባታውቂም እፈራ ነበር። ያንቺ ማሽን ቢሳሳትና ሰው ቢቀር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንዳውቅ። አንድም ቀን አልተሳሳተም።" እጄን መታ መታ አደረጉ። "ጎበዝ ነበርሽ እኮ።"


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 19

ትንሽ ዘነበ። ሚስ ዊዳን ወደ ቤታቸው መለስናቸው። አልተቃጠለም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ለዶይል ሁሉንም ነገርኩት፤ 1997ንም፣ ሆቴሉንም፣ "አመሰግናለሁ" ያልኩትንም። ሰባት ማይል ያህል ነዳ።

"እኔ ባቡር ስነዳ" አለ በመጨረሻ፣ "ቀይ መብራት ጥሼ አልፌ አውቃለሁ። አንዴ። ማንም አላየኝም። ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው።"

"ከደግነትህ ነው?"

"ደግነት አይደለም። ቀጣዩን መብራት ማየት አቅቶኝ ነው።"

በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ይህን ነግሮኝ አያውቅም።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 28

ለቪክሪ ደወልኩ። ቃሌን ማረም እፈልጋለሁ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ስለ ካርዶቹ ስነግረው ሳቁ ቆመ።

"ወይዘሮ ሃርግሮቭ፣ ይህን ካደረጉ በ1997 በሐሰት ምለዋል ማለት ነው። በዚህ ወርም ደግመዋል ማለት ነው። ይህን ተረድተዋል?"

"ተረድቻለሁ።"

"አልመሰለኝም። እኔ የታሎ ክሪክ ጠበቃ ነኝ እንጂ የእርስዎ አይደለሁም። አሮጊቷ የፈለጉትን ካርድ ያስቀምጡ፣ ማንም አልጠየቃቸውም። እርስዎ ዝም ብለው ፈርመው ይመልሱ። ኦስትዳል ትከፍላለች፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

"ስሜን አስከብራለሁ ብለውኝ ነበር።"

"እያስከበርኩት እኮ ነው።"


ሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ኑዛዜያችንን የጻፈልን ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"አይከሱሽም ብዬ ቃል አልገባልሽም ኔልዳ። በፈቃዱ ያረመን ሰው እምብዛም አይነኩም፤ ግን ቃል አልገባም። ከተማው ይሰማል። የተከሳሿ ጠበቃም ችሎት ላይ ውሸታም ይልሻል፣ እውነቱንም ነው።"

"ከነሱ ጋር የፈረምኩት ውል ዝም በይ ይላል።"

"የነሱን ምስጢር እንዳታወጪ ነው እንጂ የራስሽን ሥራ እንዳትናገሪ ሊከለክልሽ አይችልም።"

አልተኛሁም። አልበላሁም። ዓርብ ቀኑ ያልቃል።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

ሚስ ዊዳ ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጬ ማረሚያውን በእጄ ጻፍኩ።

ገጽ 61፣ መስመር 14። "በሙከራ ብቻ" የሚለው "ከኖቬምበር 9፣ 1994 ጀምሮ በየቀኑ፣ በክፍያ" ተብሎ ይታረም። ምክንያት፦ መጀመሪያ የተናገርኩት እውነት አልነበረም።

ገጽ 62፣ መስመር 5። "የለም" የሚለው "አለ፣ ሃምሳ ሁለት ካርድ" ተብሎ ይታረም። ምክንያት፦ አሁን አይቻቸዋለሁ፣ ያን ጊዜም መጠየቅ እችል ነበር።

ገጽ 62፣ መስመር 11። "የኔ" የሚለው "የዊዳ ሜፕልስ" ተብሎ ይታረም። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። "ስሜ ብቻውን ሲቆም ደስ ስላለኝ" ብዬ ጻፍኩ።

ሚስ ዊዳ በአጉሊ መነጽራቸው አንብበው፦ "ይሄ የመጨረሻው ለፍርድ ቤት የሚጻፍ ነው?"

"እንጃ።"

"ተይው። ጥሩ ነው።"

ፖስታ ቤት ከመዘጋቱ አሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ደረስኩ።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 14

ክሱን አነሱት! ታሎ ክሪክ በማሪት ኦስትዳል ላይ ያቀረበውን ክስ በራሱ ፈቃድ አቋርጧል። ጮኼ ዶይልን ጠራሁት።

ከዚያ የኑዛዜው ጠበቃ በስልክ አስረዳኝ። ዳኛው ማረሚያዬን አላየውም። ማንም ፓተንቱ ዋጋ የለውም ብሎ አልፈረደም። ያነሱትም ለዚህ ነው፤ እንዳይፈረድበት። ወረቀቱ እስከ 2017 በሕይወት አለ። በዚህ ሳምንት ለአሥራ ዘጠኝ ሌሎች ሰዎች አዲስ ደብዳቤ ልከዋል።

በስሜ። አሥራ ዘጠኝ።

ቪክሪ ሁለት መስመር ጽፎልኛል። አማካሪነቴ አብቅቷል፣ ውሌን አፍርሼ እንደሆነም ሊያስብበት ነው።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

ማክሰኞ ማሪት ደወለች። ድምፅዋን ወዲያው አወቅሁት።

"ማረሚያዎን አነበብኩት" አለች። "ሆቴሉ ውስጥ ስላመሰገንኩዎት ተናድጄ ነበር። አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ።"

"ልክ ነሽ።"

"ሁለት ዓመት እኮ ነው የወሰዱብኝ። አንዱ ሠራተኛዬ ጥሎኝ ሄዷል። የጎረቤቱን መስመር ግን ልጨምር ነው። ሚስ ሜፕልስ ይፈቅዱልኛል?"

"እጠይቃቸዋለሁ።"

ስለ አሥራ ዘጠኙ ነገርኳት። እሷም አስባበት ነበር። በዳኛ ፊት ያልቀረበውን እኔ ራሴ ለነሱ ባቀርበውስ? ቃሌን እንደገና በመሐላ ጻፍኩ፣ ሚስ ዊዳም የራሳቸውን ጻፉ፣ የካርዶቹ ቅጂ ተያያዘ። ማሪት ደብዳቤ ለደረሰው ሁሉ ትልከዋለች፤ ስልክ ቁጥሬም ከሥሩ አለ። የኑዛዜው ጠበቃ አንብቦት "ደፋር ነሽ ወይም ተሰላችተሻል" አለ።

ፈርቻለሁ። ፖስተኛው እስኪሄድ በሩን አልከፍትም። ላቨርን ዛሬም ሰላምታዬን አልመለሰችም። የወንድሟ ልጅ ከከፈሉት አንዱ ነው፤ የከፈለው አይመለስለትም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 27

ሚስ ዊዳ እኛ ቤት ነበሩ፤ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ከምሄድ ዶይል ያመጣቸዋል። ዶሚኖ እያሸነፉኝ ስልኩ ጮኸ።

"ይቅርታ እመቤቴ" አለ የወንድ ድምፅ፣ ሻካራ፣ የጆርጂያ ሰው። "ከታሎ ክሪክ ደብዳቤ ደርሶኛል። እኔና ወንድሜ ስድስት የትምህርት ቤት አውቶቡስ አለን፣ ሌላ የለንም። አንዲት ሴት የእርስዎን ወረቀት ላከችልኝ። የፈለሰፉት እርስዎ ነዎት?"

ሚስ ዊዳ ድንጋያቸውን ይዘው፣ ተራዬን እየጠበቁ ያዩኛል።

"እኔ ፕሮግራሙን ነው የጻፍኩት" አልኩት። "የፈለሰፉት እዚህ ናቸው። ላገናኝዎት።"

ስልኩን አቀበልኳቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሃሎ? ዊዳ ሜፕልስ ነኝ። አትደንግጥ ልጄ፣ እስክሪብቶ አለህ?"